ኮከቡ ቀዘቀዘ ወይስ ዓይናችን ደከመ?

የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ሰኞ ነበር፤ የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል። ረፋዱ ላይ፣ 4 ሰዓት ከ35 ገደማ፣ በእንጅባራና በዳንግላ፣ በመላው አዊ ምድር፣ በዓል ያከበረውንም ቤቱ የዋለውንም ሰው አካል በትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ቅንጣቶች አቋርጠው አለፉ። የተሰማው ሰው የለም፤ ሊሰማውም አይችልም ነበር። ቅንጣቶቹ ኒውትሪኖ ይባላሉ። ምድርን ከዳር እስከ ዳር ሲያልፉ እንኳ እምብዛም የሚያግዳቸው የለም። የመጡት ደግሞ ከላይ አልነበረም። የፈነዳው ኮከብ ትልቁ የማጄላን ደመና በሚባለው የደቡብ ሰማይ ጋላክሲ ውስጥ ነው፤ በዚያ ሰዓት ለአዊ ከአድማስ በታች ነበር። ስለዚህ ኒውትሪኖዎቹ ከደቡብ በኩል የምድርን ሆድ ሰንጥቀው ከእግር ሥር ወደ ላይ ወጡ።

በዚያው ደቂቃ ጃፓን ውስጥ ካሚዮካ በሚባል የማዕድን ጉድጓድ የተቀበረ የውኃ ገንዳ 11 ኒውትሪኖዎችን መዘገበ። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ 8፣ በሶቪየት ኅብረት ካውካሰስ ተራሮች ሥር 5 ተገኙ። በጠቅላላው 24፤ ሁሉም ከ13 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ። ጉዞው 168,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነበር።

እነዚያ 24 ቅንጣቶች ይዘውት የመጡት ሙቀት ነው። ከፀሐይ 20 እጥፍ ገደማ የሚከብድ ኮከብ ነዳጁን ጨርሶ እምብርቱ ወደ ውስጥ ሲደረመስ፣ የተወለደው አዲስ አካል፣ ኒውትሮን ኮከብ የሚባለው፣ ሙቀቱ 100 ቢሊዮን ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። በፍንዳታው ከተለቀቀው ጉልበት 99 በመቶው የሚወጣው በኒውትሪኖ ነው። ለዓይን የሚታየው ብርሃን፣ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው፣ ከቀሪው አንድ በመቶም ጥቂቱ ብቻ ነው። የዚያን ቀን የተመዘገበው ነገር፣ በቀጥታ ሲነገር፣ የአንድ ኮከብ መቀዝቀዝ ጅማሬ ነው።

ይህ ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። መቀዝቀዝን የእርጅና፣ ከፍ ሲልም የሞት ምልክት አድርጎ ማሰብ የተለመደ ነው። ኒውትሮን ኮከብ ግን የሚቀዘቅዘው ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚፈጥነውም ያኔ ነው። በኋላ የሚመጡት ሚሊዮን ዓመታት የመጀመሪያዋን ደቂቃ ያህል ሙቀት አይወስዱበትም።

ኒውትሮን ኮከብ መኖር አለበት ብለው እ.ኤ.አ. በ1934 የጻፉት ቫልተር ባዴና ፍሪትዝ ዝዊኪ ነበሩ፤ ኒውትሮን ራሱ ከተገኘ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ጆስሊን ቤል የምትባል የካምብሪጅ ተማሪ በየ1.3 ሰከንዱ የሚመላለስ የራዲዮ ምልክት አገኘች፤ የግምቱ አካል በእርግጥ ሰማይ ላይ እንዳለ ታወቀ። የአካሉ መጠን ለአዊ ሰው በቀላሉ ይታሰባል። ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እንጅባራ ላይ ጀምሮ ወደ ዳንግላ ቢዘረጋ ከተማዋ ሳይደርስ ያልቃል። በዚያች ስፋት ውስጥ ከፀሐይ የሚበልጥ ክብደት ታጭቋል። ከእምብርቱ አንድ ኩብ ሴንቲ ሜትር ቢወሰድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቶን ይመዝናል። ይህን የመሰለ ቁስ በምድር ላይ በየትኛውም ቤተ ሙከራ ሠርቶ ማየት አይቻልም። ታዲያ ውስጡ ምን እንደሆነ በምን ይታወቃል?

በአወጣጡ ነው፤ ሙቀቱ ከውስጥ በሚወጣበት ፍጥነት።

በፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ፣ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ የገበሬው ሰብል ከሆነ ቆይቷል። ጥቂት ዓመት አድጎ ይቆረጣል፣ ይከመራል፣ በቅጠልና በሣር ተሸፍኖ አፈር ይለብሳል፤ ከዚያ እሳት ይገባበታል። ከሰል አክሳዩ ውስጡን አያይም። ጭሱ ነጭና ወፍራም ሲሆን እርጥበቱ ገና እየወጣ መሆኑን፣ ሲሳሳና ወደ ሰማያዊነት ሲያደላ ከሰሉ መድረሱን ያውቃል። ያኔ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ አፈሩን በመዳፉ እየዳሰሰ እስኪበርድ ይጠብቃል። ቸኩሎ የከፈተ ሰው አየር ገብቶበት ከሰሉ እንደገና ይነድበታል፤ የሚተርፈው አመድ ነው። የኒውትሮን ኮከብ አጥኚም ከዚህ የተለየ መንገድ የለውም። ክምሩን ከፍቶ ማየት ለእርሱ ፈጽሞ ያልተፈቀደ ነው፤ ያለው የላዩ ሙቀት ብቻ ነው።

የኮከቡ ላይና ውስጥ ደግሞ እጅግ ይራራቃሉ። ከተወለደ ሺህ ዓመት ገደማ በሆነው ኮከብ ላይ የውጭው ገጽ አንድ ሁለት ሚሊዮን ዲግሪ ሲሆን ውስጡ በመቶ ሚሊዮኖች ይቆጠራል። በመካከላቸው ያለው ስስ ልባስ ውፍረቱ መቶ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሙቀቱን አፍኖ የሚይዘው እርሱ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 100,000 ዓመታት ያህል ኮከቡ የሚቀዘቅዘው በዋነኛነት ከእምብርቱ በቀጥታ በሚያመልጡ ኒውትሪኖዎች ነው። ከዚያ በኋላ ተራው የብርሃን ይሆናል፤ ቀሪው ሙቀት ቀስ ብሎ በገጹ በኩል በኤክስሬይ መልክ ይወጣል። ስለዚህ ኤክስሬይ የሚያይ ቴሌስኮፕ በወጣት ኮከብ ላይ የሚያየው ዋናውን ወጪ አይደለም፤ ከዋናው ወጪ የተረፈውን ነው። የማይታየው ምን ያህል እንደወሰደ የሚታወቀው በሚታየው ጉድለት ነው።

ፍጥነቱን የሚወስነው እምብርቱ ውስጥ ያለው ቁስ ነው። ከዘጠኝ ቅንጣት አንዱ ገደማ ፕሮቶን ከሆነ ኒውትሮን ወደ ፕሮቶን፣ ፕሮቶንም ተመልሶ ወደ ኒውትሮን እየተለወጠ በየዙሩ ኒውትሪኖ ይረጫል፤ ኮከቡ በፍጥነት ይበርዳል። ፕሮቶኑ ከዚያ ካነሰ ይህ መንገድ ይዘጋል፤ ኮከቡ በዝግታ ይቀዘቅዛል። ኒውትሮኖቹ ራሳቸው ተሰባብረው ወደተሠሩባቸው ቅንጣቶች፣ ወደ ኳርክ፣ ከተለወጡም፣ ወይም ሌላ እንግዳ ቅንጣት እምብርቱ ውስጥ ከታየ፣ ፍጥነቱ እንደገና ይለወጣል። በሌላ አነጋገር የኮከቡ ሙቀትና ዕድሜ አብረው ከታወቁ የውስጡ ምሥጢር በከፊል ይወጣል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ የማወቅ ችግር ይገጥማል። የኮከብ ዕድሜ ከሰው ዕድሜ ጋር አይመጣጠንም። ከእያንዳንዱ ኮከብ የሚገኘው አንድ ነጥብ ነው፦ ዕድሜው ይህን ያህል፣ ሙቀቱ ይህን ያህል። ሳይንቲስቶቹ የአንዱን ኮከብ ሕይወት የሚገነቡት ከሺህ ዓመት ልጅ አንድ ነጥብ፣ ከአሥር ሺህ ዓመቱ ሌላ፣ ከመቶ ሺህ ዓመቱ ሌላ እየለቀሙ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ማን አረጋገጠ? አንዱ ከሌላው የሚከብድ ቢሆን፣ ክብደቱም የተዘጋውን መንገድ ቢከፍትለት፣ ሁለቱን በአንድ መስመር ማያያዝ የሁለት ሰዎችን ታሪክ በአንድ ስም መጻፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ሥጋት እውነት አደረገው። ከ10,000 ዓመት በታች የሆናቸው ሦስት ኒውትሮን ኮከቦች ከእኩዮቻቸው እጅግ ቀዝቃዛ ሆነው ተገኙ፤ ልጆች ሳሉ የሽማግሌ ሙቀት አላቸው። እስከዚያ ከቀረቡት የውስጥ አወቃቀር ሞዴሎች ብዙዎቹ በዚህ ምክንያት ወደቁ። ዕድሜ ብቻውን ሙቀትን አይናገርም።

አንድ ኮከብ ብቻ በሰው ዕድሜ ውስጥ ሲለወጥ የታየ መሰለ። የሚገኘው ካሲዮፒያ ኤ በሚባል የፍንዳታ ቅሪት መሐል ነው። ቅሪቱ ያለበት ህብረ ከዋክብት በግሪክ አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንግሥት በተባለችው በካሲዮፒያ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ከእንጅባራ ሲታይ በሰሜን በኩል ከአድማስ እስከ 42 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የፍንዳታው ብርሃን ምድር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1680 አካባቢ ነው፤ ጎንደር መናገሻ በነበረችበት፣ የቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን አልቆ የልጃቸው የኢያሱ ሊጀምር በተቃረበበት ወቅት። ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ሕዋ ሲወጣ በመጀመሪያ ካነሳቸው ምስሎች አንዱ ይህ ቅሪት ነበር፤ መሐሉ ላይም አንዲት የብርሃን ነጥብ ታየች። በሰው ዘንድ ከሚታወቁት ኒውትሮን ኮከቦች በዕድሜ ከትንሾቹ ተርታ ናት።

ክሬግ ሃይንኬና ዊን ሆ የተባሉ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመቱን ምስል አሰልፈው መዘኑት። እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ውጤት አስደናቂ ነበር። ኮከቡ እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 2.12 ሚሊዮን ዲግሪ በ2009 ወደ 2.04 ሚሊዮን ወርዷል፤ 4 በመቶ። 330 ዓመት ገደማ ለሆነው ኮከብ ይህ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት ነው። ብዙም ሳይቆይ ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ተመሳሳይ ማብራሪያ ይዘው መጡ። የእምብርቱ ሙቀት ከ500 ሚሊዮን ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ኒውትሮኖቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይጣመራሉ፤ የተጣመረው ቁስ ያለ አንዳች ሰበቃ የሚፈስ ፈሳሽ ይሆናል። ጥንዶቹ በሚሠሩበት ጊዜ ኒውትሪኖ በብዛት ይወጣል፤ ኮከቡም ለጥቂት አሥርት ዓመታት በፍጥነት ይበርዳል። ይህ እውነት ከሆነ የሰው ልጅ 11,000 የብርሃን ዓመት ርቆ ያለ የኮከብ እምብርት ባሕርዩን ሲለውጥ በቀጥታ ተመለከተ ማለት ነው።

ግኝቱ ገና ሳይጸና ጥያቄ ተነሣበት። ጥያቄው የኮከቡ ጉዳይ አልነበረም፤ የቴሌስኮፑ ነበር። በቻንድራ ካሜራ ፊት ያለው ማጣሪያ ላይ በዓመታት ሂደት ስስ የቆሻሻ ልባስ ተጠራቅሟል፤ ልባሱ ደካማ ኤክስሬዮችን ይውጣል። የተለየ የካሜራ አሠራር ተጠቅመው የለኩ ተመራማሪዎች ያገኙት ቅነሳ ከመጀመሪያው እጅግ ያነሰ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የልባሱን ውፍረት እየገመቱ የተደረጉ ስሌቶች በአሥር ዓመት 2 በመቶ አካባቢ ላይ አረፉ። ኮከቡ መቀዝቀዙ አይቀርም ይመስላል፤ ምን ያህል የሚለው ግን አሁንም የሚያከራክር ነው።

የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ነው። የአንድን ነገር ለውጥ ለመመስከር መስካሪው ራሱ ሳይለወጥ መቆየት አለበት፤ ሳይለወጥ የሚቆይ መስካሪ ደግሞ በዚህ ዓለም የለም። ቻንድራ የተሠራው አምስት ዓመት እንዲያገለግል ነበር፤ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሠርቷል። ዓይኑ እየደበዘዘ የሄደ ሰው መብራቱ ፈዘዘ ቢል ሁለቱንም ዓይነት ጉድለት እያየ ነው፤ የትኛው የማን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል። ያ ከሰል አክሳይ እንኳ በእንጅባራ የማለዳ ብርድ የደነዘዘ መዳፉን አፈሩ ላይ ቢያሳርፍ ትኩስ ነው ይላል፤ ከእሳት ዳር ተነሥቶ ያንኑ አፈር ቢነካ በርዷል ይላል። ልምድ ያለው ሰው ይህን ያውቃል። መዳፉን አያምነውም፤ መዳፉ ምን ውሎ እንደመጣ አስቦ ያርመዋል።

ሳይንስ በዚህ ክርክር የተዋረደ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያውን 4 በመቶ የጠረጠሩት ሰዎች ሥራቸው ዓመታት የፈጀ፣ ዜና የማይሆን፣ የአንድ ማጣሪያ ቆሻሻ ውፍረትን የመለካት አሰልቺ ሥራ ነበር። ከኮከቡ ግኝት ያላነሰ ክብር የሚገባው ይህ ትጋት ነው። ሰው ስለ ራሱ መሣሪያ ጉድለት የሚያውቀው ያህል ብቻ ስለ ዓለም እርግጠኛ ሊሆን ይችላል።

ትጋቱ በጎደለበት ጊዜ የሚሆነውም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2002 ናሳ ጋዜጠኞችን ጠርቶ ሁለት ኮከቦች ከኳርክ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ አለ። አንደኛው አርኤክስ ጄ1856 የሚባለው ሲሆን ለኒውትሮን ኮከብ ከሚጠበቀው ያነሰ መሰለ፤ ሁለተኛው 3ሲ58 በተባለው ቅሪት ውስጥ ያለው፣ ከዕድሜው በላይ የቀዘቀዘው ነው። የኳርክ ቁስ ከተራው ቁስ የበለጠ የጸና ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ አርኖልድ ቦድመር እ.ኤ.አ. በ1971፣ ኤድዋርድ ዊተን በ1984 አቅርበውት ነበርና ዜናው ብዙዎችን አጓጓ። ይሁን እንጂ አንደኛው እንደገና ሲለካ ቀድሞ ከተገመተው የሚተልቅ ሆነ፤ ስለዚህ የኮከቡ ትንሽነት ቀረ። የሁለተኛው ቅዝቃዜ ግን አልቀረም። በ2024ቱ ጥናት ከተጠቀሱት ከሦስቱ ቀዝቃዛ ወጣቶች አንዱ እርሱ ነው። ኳርክ ይሁን፣ ክብደቱ የከፈተለት ፈጣን መንገድ ይሁን፣ አልተቆረጠም።

በአንጻሩ ደግሞ መብረድ የነበረበት ያልበረደ አለ። ጄ0437 የሚባለው፣ በሰከንድ 170 ጊዜ ገደማ የሚሽከረከር ኮከብ፣ ዕድሜው በቢሊዮን ዓመታት ይቆጠራል። በስሌቱ መሠረት ገጹ ከ10,000 ዲግሪ በታች መሆን ነበረበት። ሃብል ቴሌስኮፕ ሲያየው ግን 100,000 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። ሽክርክሪቱ ሲዘገም እምብርቱ ይበልጥ ይጨመቃል፤ የቅንጣቶቹ ሚዛን ይፋለሳል፤ ሚዛኑን ለመመለስ የሚደረገው ለውጥ ሙቀት ይወልዳል የሚል ማብራሪያ ቀርቧል። ሌሎች ደግሞ ሙቀቱ በውስጡ ካለው ፈሳሽ ይመጣል ይላሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ያረጀ ሁሉ ቀዝቃዛ ነው የሚለው ፍርድ በሰማይም አይሠራም።

ነጭ ድንክ የሚባሉት ከዋክብት ነገር ከዚህ ይቀላል። ፀሐይን የመሰሉ ከዋክብት ሲያረጁ የሚተዉት ቅሪት ነው፤ የምድርን ያህል መጠን አለው፤ አዲስ ጉልበት ስለማያመነጭ በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይበርዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የጋያ ሳተላይት መረጃ እንዳሳየው ሲበርዱ ውስጣቸው እንደ ማዕድን ይረጋል፤ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት መቀዝቀዙን ለጊዜው ያዘገየዋል። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በኩል አንድ ኮከብ እንድትሰይም ዕድል አግኝታ «ቡና» ብላዋለች፤ የምትዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብላለች። ቡና የሚገኘው በካሲዮፒያ ልጅ በአንድሮሜዳ ህብረ ከዋክብት ውስጥ ነው። ከፀሐይ በጥቂቱ ስለሚከብድ ከእርሷ ቀድሞ ያረጃል፤ መጨረሻውም ነጭ ድንክ መሆን ነው።

ኢትዮጵያውያን ይህን ሁሉ ከሩቅ የሚሰሙ ብቻ ሊሆኑ አይገባም። በእንጦጦ ተራራ ላይ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ኤክስሬይ ግን የምድርን አየር ስለማያልፍ የኒውትሮን ኮከብ ሙቀት ከእንጦጦም ሆነ ከየትኛውም ተራራ አይለካም፤ ከሕዋ ብቻ ነው። ደግነቱ ቻንድራ ያነሳው ምስል ሁሉ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ ለማንኛውም ሰው በነፃ ክፍት ይሆናል፤ መተንተኛው ሶፍትዌርም እንዲሁ። የካሲዮፒያ ኤ የሃያ አምስት ዓመት ምስሎች ዛሬ በዚያ ማኅደር ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ክርክሩም ገና አልተዘጋም። የሚያስፈልገው ኮምፒውተር፣ ኢንተርኔት፣ ትዕግሥትና አንድ የሚመራ መምህር ነው።

ስለዚህ ይህ ጥሪ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚክስ ለሚያስተምሩ ነው። ለመጪው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ስታድሉ ቢያንስ አንዱን ተማሪ ካሲዮፒያ ኤ ላይ መድቡት። መጀመሪያ የማጣሪያውን ቆሻሻ ይለካ፤ ከዚያ ኮከቡን።